ከእጅ ወደ እጅ

ዕቃ ሊወስድ የመጣ ሰው ሬሳ አገኘ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በሚኒባስ ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት ሠራተኛ በሩን አንኳኳ። ፊት ለፊት ባለው ክፍል ካርቶን ሲያጥፍ የነበረው ሰው ከፈተለትና የውስጠኛውን ክፍል በር በአገጩ አመለከተው። አድራሹ አንኳኳ፤ ጠበቀ፤ ደግሞ አንኳኳ። ገና ስምንት ቤት ይጠብቀዋልና ገፍቶ ገባ። የቤቱ ጌታ ከጠረጴዛው አጠገብ በጀርባው ተዘርግቷል። ወለሉ ላይ የተቀመጠው የብረት ሚዛን ጠርዝ ደም ነክቶታል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የታሸገ ካርቶን ቆሟል። በክፍሉ ውስጥ ሌላ የሚላክ ዕቃ አልነበረም።

ሟቹን ሰፈሩ «ጨረታው» ይለዋል። አሮጌ ሰዓት፣ አሮጌ ሬዲዮ፣ አሮጌ ፋኖስ እየገዛ፣ እያደሰ፣ በኢንተርኔት ጨረታ ይሸጣል፤ ላሸነፈው ሰውም በዕቃ አድራሽ ይልካል። ዓይናቸው ከደከመ፣ እግራቸውም እምቢ ካለ እናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ይኖራል። ታናሽየው ፎቶ ያነሳል፣ ማስታወቂያውን ይጽፋል። ማሸጉ ያን ጠዋት በሩን የከፈተው የካርቶኔ ሥራ ነው። ካርቶኔ ስሙ አይደለም፤ ግን እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው ሚስቱ ብቻ ነች።

ፖሊስ ነገሩን በአንድ ቀን ጨረሰው። ሐኪሙ «ከጠዋቱ አንድ እስከ አራት ባለው ጊዜ ሞቷል» አለ። የሚኒባሱ ድርጅት መዝገብ ደግሞ ልክ በሦስት ሰዓት ከሟቹ አካውንት «ዕቃ ውሰዱልኝ» የሚል ትዕዛዝ እንደገባ ያሳያል። ስለዚህ ሰውየው በሦስት ሰዓት በሕይወት ነበር። ታናሽየው ከወጣበት ከሁለት ተኩል ጀምሮ በቤቱ የነበሩት ከአልጋ የማይወርዱት እናትና ካርቶኔ ብቻ ናቸው። እናት አይገድሉም፤ በቃ፣ ካርቶኔ ነው። እንዲህ ያለ ቅልብጭ ያለ ሒሳብ ስንት ሰው እንደበላ አንድዬ ይቁጠረው።

መዝገቡ በሦስተኛው ቀን መርፌ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። መርፌ የሚሏት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ዝምተኛ፣ ስትጠይቅ ግን ቀጭን ቦታ ፈልጋ የምትወጋ መርማሪ ነች።

«ፈርመሽ አሳልፊው» አላት አለቃዋ። «ነገ ረፋድ ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ሳላየው?»

«ምኑ ይታያል? ያለቀ ነገር እኮ ነው።»

እሷ ግን ወደ እስረኛው ወረደች። ካርቶኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። ሥራ የለመደ እጁ ሥራ ፈትቶ፣ የሸሚዙን ጫፍ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

«አንተ ነህ የገደልከው?»

«አይደለሁም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እንግዲህ እኔም እንደ ሁሉም ነኛ» አላት። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

«ጠዋት ስትደርስ ማንን አገኘህ?»

«ታናሽየውን፣ በር ላይ፣ ሊወጣ ሲል። ‹ዘግቶ እየሠራ ነው፣ እንዳትረብሸው› አለኝ። ጋሼ በሩን ከዘጉ ደግሞ ቤቱ ቢቃጠል አይንኳኳባቸውም። ለገዢዎች መልስ የሚጽፉበት ሰዓት ነው።»

«ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርቶን ማን አሸገው?»

«እኔ፣ በዋዜማው ከሰዓት። የብርጭቆ ፋኖስ ናት። ጋሼ አልነበሩም፣ ታናሽየው አምጥቶ ሰጠኝ። በስፖንጅ ጠቅልዬ፣ ድርብ ካርቶን አልብሼ መዘንኳት። ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ። በትልቁ ማርከር በአራቱም ጎን ጻፍኩበት። ጋሼ ክብደቱ ያልተጻፈበት ካርቶን ዓይናቸው አይወድም።»

«በየትኛው አድራሽ ልትሄድ ነበር?»

ካርቶኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው አግኝቶ አያውቅም። «ብርጭቆ ናት እኮ። ብርጭቆ የሚሄደው በባለ ሞተሩ አድራሽ ነው። ከቤት የተቀበለው ሰው ራሱ ነው ገዢው እጅ ላይ የሚያኖራት። ሚኒባሱ መጋዘን ያሳድራል፤ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ዕቃ አያስቀምጡም፣ ይወረውራሉ። አንዴ የሰዓት መስታወት ዱቄት ሆኖ ደርሶ ገዢዋ አልቅሳ ደወለች። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ‹ለብረት እንደ ፈለገ፣ ለብርጭቆ ከእጅ ወደ እጅ› ይላሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልሳቱም።»

«ታዲያ የሚኒባሱ ሰው ምን ሊወስድ መጣ?»

«እኔም የሆነ ብረት ይኖራል ብዬ ነው ያስገባሁት።» ቀጥሎ ያለውን ሐሳብ ሊይዘው ሞከረና አቃተው። ይልቅ ሌላ ጠየቀ፤ «ሚስቴ አሁንም በር ላይ ናት?»

«ናት።»

«ሂጂ በይልኝ። ፀሐዩ አይቻልም።»

መርፌ ነገረቻት። ሴትየዋ ምሳ የቋጠረችበትን ፌስታል ወደ ደረቷ አስጠግታ «እሺ» አለች፤ ከቆመችበት ግን ንቅንቅ አላለችም።

ከሰዓት በኋላ መርፌ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። የእናትየው ክፍል ከውስጠኛው ክፍል የሚለየው በሳንቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሰው ሲያስል ይሰማል። ከአልጋው ራስጌ መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ አቧራ፤ በአቧራው መካከል አንድ ክብ ንጹሕ ቦታ።

«እማማ፣ እዚህ ምን ነበር?»

የአሮጊቷ እጅ ሳይዳብስ ቀጥ ብሎ ባዶው ቦታ ላይ አረፈ። «ፋኖስ። አባታቸው የገዛልኝ። ሁለቱም በሷ ብርሃን ነው ያጠኑት። አሁን ባላያትም እነካት ነበር።»

«የት ሄደች?»

«እንጃ። ታላቅየውን ጠይቄው...» አሉና አፋቸውን ያዙ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«የዚያን ዕለት ጠዋት ጠየቁት?»

«አዎ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹አገኝልሻለሁ› ብሎኝ ወጣ።»

«ከዚያ በኋላ በዚህ ሳንቃ በኩል ምን ሰሙ?»

«ተኝቼ ነበር።»

የጠፋባትን ዕቃ እየጠበቀች ያለች እናት እንቅልፍ እንደማይወስዳት ሁለቱም ያውቃሉ። አሮጊቷ የመርፌን እጅ ፈልገው ያዙት። «ልጄ፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። እኔ የቀረኝ አንድ ነው።»

መርፌ የብርድ ልብሱን ጫፍ እግራቸው ላይ ጣል አደረገችና ወጣች። ይህን ፋይል ያልተቀበለችው ቢሆን በወደደች።

ታናሽየው በረንዳ ላይ ስልኩን እያገላበጠ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲያወራ እናቱ ወዳሉበት መስኮት አይመለከትም።

«በሦስት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ፀጉር አስተካካይ ቤት። አምስት ሰው አይቶኛል።»

«ቆጥረሃቸዋል?»

ስልኩን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ።

«ወንድምህ ዕቃ አድራሽ የሚመርጠው እንዴት ነበር?»

«ምን ምርጫ አለው እሱ? ዋጋው ዝቅ ያለውን ነዋ። ገጹ ላይ መጀመሪያ የሚመጣውን።»

«የፋኖሷ ክብደት ስንት ነበር?»

«አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ» አለ ሳያመነታ። «ማስታወቂያዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፎቶ ሳነሳት መዝኛታለሁ።»

«የአካውንቱን ፓስወርድ የሚያውቅስ?»

«እኔና እሱ ብቻ።» ይህን ሲል ኮራ ብሎ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በማግስቱ፣ ካርቶኔ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት፣ መርፌ ሁሉንም ካርቶን በተደረደረበት የፊት ክፍል ሰበሰበች። እናትየውን ከነወንበራቸው ተሸክመው አመጧቸው። ታናሽየው ግድግዳ ተደግፏል። ባለ ሞተሩ የራስ ቁሩን እጁ ላይ ይዟል። የሚኒባሱ አድራሽ ሰዓቱን ያያል። ካርቶኔ እጁ በካቴና ታስሮ ከአንድ ፖሊስ ጋር ቆሟል።

«ካርቶኔን እስር ቤት ያስገባው አንድ ነገር ነው» ብላ ጀመረች። «የሦስት ሰዓቱ ትዕዛዝ። ሟቹ በሦስት ሰዓት ትዕዛዝ ከሰጠ በሦስት ሰዓት በሕይወት ነበር። ግን እሱ ነው ወይ ያዘዘው?» ወደ ባለ ሞተሩ ዞረች። «ብርጭቆ በሚኒባስ ሲልክ አይተህ ታውቃለህ?»

«ጋሼ? ብርጭቆ በሚኒባስ ከሚልኩ ራሳቸው ተሸክመው በእግራቸው ቢሄዱ ይመርጣሉ።»

«ስለዚህ እሱ አላዘዘም። ያዘዘው ደንቡን የማያውቅ ሰው ነው፤ ካርቶኔ ደግሞ ደንቡን ያውቀዋል።» ወደ ሚኒባሱ አድራሽ ዞረች። «ትዕዛዝህ ላይ ክብደቱ ስንት ይላል?»

አድራሹ ወረቀቱን አየ። «አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ።»

«ካርቶኑ ላይ ግን በአራቱም ጎን ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ተጽፏል። ጠረጴዛው ላይ፣ ኮምፒውተሩ አፍንጫ ስር። እዚያ ክፍል ተቀምጦ ያዘዘ ሰው ባያነበው እንኳ ይደናቀፍበታል። ጽሑፉ የካርቶኔ ነው፤ ራሱ የጻፈውን አይስትም። ስለዚህ ያዘዘው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ከሌላ ቦታ፣ በስልክ ነው፤ ሟቹ በሦስት ሰዓት በሕይወት ያለ እንዲመስል። የሚያውቀውም የባዶ ፋኖሷን ክብደት ብቻ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ያለውን። አካውንቱን መክፈት የሚችሉት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል።»

የታናሽየው መዳፍ ስልኩን ሸፈነው።

«ትዕዛዝ ሲገባ ማረጋገጫ ይመጣል፤ ወደ ታዘዘበት ስልክ» አለች መርፌ ቀስ ብላ። «ስልክህን ስጠኝ።»

አልሰጣትም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ሸጬያት ነበር» አለ። «ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ራሴ የሸጥኩት ዕቃ ነበር። ስድስት ሰው ተጫርቶባታል። ‹የእናታችንን አትሸጥም፣ ሰርዘው› አለኝ። ሌላ ፋኖስ እገዛላታለሁ አልኩት። ‹አንተ ፎቶህን አንሳ› አለኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት። ቀና ይላል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት።»

«ቀና ሳይል ሲቀርስ? ለምን ሰው አልጠራህም?»

«ፈራሁ። እናቴ ሰማች ብዬ ፈራሁ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ እናትየው።

ሁሉም ዞሩ። «ስትጮህም፣ ሲወድቅም ሰምቻለሁ። ፋኖሴን ባልጠይቅ ኖሮ ሁለታችሁም ነበራችሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።» ከዚያ ዓይናቸውን ካቴናው ወደሚንኳኳበት አዞሩ። «ይቅር በለኝ ልጄ። ዝም ያልኩት አንተን ሰጥቼ እሱን ላስቀር ነው።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከካርቶኔ ፈቶ ለታናሽየው አሰረ። የተፈታው ሰው ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ግን ጠፋው። በር ላይ ሚስቱ ፌስታሏን ይዛ ቆማለች። የመርፌ አለቃ ያን ቀን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ አመሰገናት። እሷ ፋይሉን ዘግታ ወጣች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አሮጊቷን ቃላቸው ላይ ልታስፈርም ተመለሰች። ፋኖሷ ከነካርቶኗ በፖሊስ ዕቃ ቤት ተቆልፎባታል። ገዢው ደግሞ ጨረታው ገጽ ላይ አንድ ኮከብ ሰጥቶ «ዕቃዬ አልደረሰም፤ ሻጩ መልስ አይሰጥም» ብሎ ጽፏል። የሚያጠፋው ሰው የለም።

ካርቶኔ የፊት ክፍሉ ወለል ላይ ተንበርክኮ አንድ ብርድ ልብስ ያሽጋል። ማንም አልቀጠረው፤ ማንም አይከፍለው። ሚዛኑ ፖሊስ ዘንድ ነው፤ እሱ ግን ካርቶኑን በሁለት እጁ አንስቶ አመዛዘነና ማርከሩን ከፈተ።

«ልጄ ያለበት ሌሊቱ ይበርዳል አሉ» አሉ እናትየው። «መጋዘን በሚያሳድረው ሚኒባስ መላክ አልፈልግም። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ባለ ሞተሩ እስር ቤት ድረስ ይሄዳል?»

«እስከ በሩ ይሄዳል እማማ። ከበሩ ወዲያ የሚቀበለው ዘበኛው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዕቃ ቤት ያስገቡታል። ተራው ሲደርስ ይሰጡታል።»

«ልጄ እጅ ላይ አያኖረውም ማለት ነው?»

መርፌ ካርቶኑ እንዳይንሸራተት በመዳፏ ያዘችው። ካርቶኔ ጎንበስ ብሎ በካርቶኑ አራቱም ጎን ሦስት ኪሎ ብሎ ጻፈ።