እንግሊዝኛ በዳዊት ዜማ

ፈንታሁንን የሰደበው ደሳለኝ ነው። በ1972 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ደብረ ታቦር፣ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከፊቱ ዴስክ ዞር ብሎ «ጓድ ደብተራ፣ በእንግሊዝኛ ልትቀድስልን ነው?» አለው። ክፍሉ ሙሉ ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ ፈንታሁን እስከ ዛሬ በስም ይጠራቸዋል።

ጥፋቱ ማዜሙ ነበር። ትውልድ መንደሩ ገሳይ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት ነው የተማረው፤ ለእሱ ቃል ካልተዜመ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። እንግሊዝኛውንም እንደ ዳዊት ያዜመው ነበር፤ «ፊልድ፣ መስክ... ክላውድ፣ ደመና...»። ከትምህርት ቤት ወደሚኖርበት አክስቱ ቤት ሲወርድ «ክላውድ» ብሎ ድምፁን ሲስበው፣ የጉና ተራራ ጉም ስሙን ሰምቶ የሚመጣ ይመስለው ነበር። ዛፉም አጥሩም ጉሙ ውስጥ ይሟሟና ዓለሙ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከስድቡ በኋላ አፉን ዘጋ። በዓይኑ ብቻ አጠና። ቃላቱም አንድ በአንድ ጥለውት ሄዱ። አባቱ ደግሞ እንግሊዝኛ ከጣለው ሞፈሩ እንደሚጠብቀው ቁርጡን ነግረውታል።

የፈተናው ቀን የእንግሊዝኛው መምህር ሰዒድ ተማሪውን በየተራ እያስነሱ የቃል ትርጉምና አገባብ ጠየቁ። ደሳለኝ ብሪንግን ከቴክ መለየት አቅቶት፣ ተንተባትቦ ተቀመጠ። እነዚያኑ ለፈንታሁን ሰጡት። ተነሣ። ራሱ ውስጥ ያለው ጭጋግ ብቻ ነው።

«አታውቀውም?» አሉት መምህሩ።

ዓይኑን ጨፈነና ዜማውን ለቀቀው። «ብሪንግ... ወደ እኔ አምጣ፤ ቴክ... ከእኔ ዘንድ ውሰድ...»

አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። እሱ ግን እዚያ አልነበረም። ገሳይ ነው፤ ነፋስ ገብሱን ያስተኛዋል፣ ያነሣዋል፤ ቃላቱ በማሳው ላይ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ምሳሌ ሲጠየቅ ምሳሌውንም አዜመው። ሲጨርስ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

መምህር ሰዒድ «ልክ ነው» ብለው ማርኩን ጻፉ።

ሲወጣ ደሳለኝ በሩ ላይ ብቻውን ቆሞ ጠበቀው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጠርቶት በማያውቀው ስም ጠራው።

«ፈንቴ፣ ያቺን ዜማ እኔንም አስጠናኝ እስቲ። ያኔ እኮ ለጨዋታ ነው።»

ለጨዋታ። ያ ሁሉ ሰሞን አፉን የዘጋው ለጨዋታ ኖሯል። ፈንታሁን ፊቱን አየው፤ የምሩን ነው የሚለምነው። ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

ደሳለኝ ደግሞ ጠራው። ፈንታሁን ዞር ሳይል ወደ አክስቱ ቤት ቁልቁለቱን ወረደ።