በዓይን የተለካ ፍሬም

ነርሱ ከብስክሌት ወድቆ እጁ መሰበሩን የሰማችው ከአባቷ ነው። አባቷ ብስክሌት ሱቃቸው ውስጥ የጎማ ቀዳዳ እየደፈነ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ያ ነርስሽ ጫካ ውስጥ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ አሉ። ድሮም ለብስክሌት አልተፈጠርኩም ብሎ ሊሸጠው ነው» አላት።

«ነርስሽ» መባሉ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቆጣት ነበር። አሁን ግን ፊቷ ነደደ። ማን እንደጣለው ታውቃለች።

ፍሬሙን የመረጠችለት እሷ ናት። ነርሱ ከሥራ ሲወጣ እየተመላለሰ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፍሬሞች አንድ በአንድ እያስወረደ፣ ቀልቧን ሲሰልበው ከረመ።

«ሽቅብም ቁልቁልም የሚሆነኝ፣ ድንጋይ የማይበግረው፣ ጠዋት ደግሞ ክሊኒክ የሚያደርሰኝ እፈልጋለሁ» አላት።

«እንግዲያው ከፊት ብቻ መንገጫገጭን የሚያበርድ አሞርዛተር ያለውን ውሰድ። አሉሚኒየሙ ይቀልሃል፤ ግን እያንዳንዷን ጠጠር ወገብህ ይቆጥራታል። ብረቱ ንዝረቱን ይውጠዋል፤ ቢሰነጠቅም ይበየዳል። ከኋላ የሚበላሽ ነገር ስለሌለው ከእኛ ጋር ብዙም አትገናኝም።»

«እሱማ ጉዳት ነው» አለ ነርሱ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያ ሱቅ ማንም ሳይለካ ፍሬም ይዞ አይወጣም። ደንበኛው ጫማውን አውልቆ ግድግዳ ይደገፋል፤ እሷ ተንበርክካ ውሃ ልኩን በእግሮቹ መሀል እስከ ላይ ታስጠጋና የእግሩን ቁመት ትለካለች። ፖሊስ ለክታለች፣ ሽማግሌ ለክታለች፣ ዓይኗን ሳታሽ። የዚያን ቀን ግን ውሃ ልኩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ትልቁ ይሆንሃል። ዓይኔ አይስትም» አለችው። ዓይኗ ግን ያን ሰዓት የሚያየው ቁመቱን አልነበረም።

አሁን ቤቱ ድረስ ሄዳ በሩን አንኳኳች። ነርሱ ከፈተላትና ጄሶ የታሰረውን እጁን ቶሎ ወደ ኋላው ሸሸገ። ብስክሌቱ ጭቃው እንደደረቀበት ኮሪደሩ ላይ ተደግፏል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፣ አፏን ሳትከፍት። «እንዲህ ያለ ፍሬም መርጠሽልኝ አዋረድኩሽ። ወደ ሱቁ ብቅ ያላልኩት አፍሬ ነው።»

ዝም ብትል ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። ብስክሌቱ ይሸጣል፣ የአባቷም ስም አይነሳም። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን «አልችልም» እያለ ይኖራል፤ ሁለተኛም ወደ ሱቁ አይመጣም። ይህን ስታስበው ራሷን ጠላች።

«አንተ አይደለህም። ፍሬሙ በልጦህ ነው» አለችው። «ቁልቁለቱ ላይ እግርህን ስታወርድ መሬት አላገኘህም፣ አይደል?»

«አላገኘሁም።»

«ሳልለካህ ነው የሰጠሁህ።»

«ለምን? ከኔ በፊት የነበረውን ሰውዬ እንኳ ስትለኪው አይቻለሁ።»

መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች። የጥፍሯን ግራሶ መፋቅ ጀመረች።

«እሱን አላፍረውም» አለች በመጨረሻ።

ነርሱ ነገሩ ሲገባው እስከ ጆሮ ግንዱ ጋለ።

«እኔ እብሳለሁ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገና ሱቁ ውስጥ ስወጣበት አውቄዋለሁ። መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? አንገትህን ብትሰበር ኖሮስ?»

«ዓይኔ አይስትም ስትይኝ እንዴት ደስ እንዳለሽ አላየሽም። አባትሽ ከጓዳ እየሰማ ተሳስተሻል ልበልሽ?»

እንባዋ መጣ። ሁለቱም አቀርቅረው ቆሙ።

«ለአባዬ ልነግረው ነው» አለች ፊቷን ጠርጋ። «ሥራችን ሳንለካ አንሰጥም ብሎ የቆመ ነው፤ ምን ብዬ ፊቱ እንደምቆም እንጃ።»

«አብረን እንነግረዋለን።»

«የፍሬሙን ነው?»

«የፍሬሙንም፣ የእኛንም» አለና ደህናውን እጁን ዘረጋላት። «ካፈርን አይቀር።»