በፊላው መሀል የመራው

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በሩንም ቀርቅሩት። ውጭ የቀረ ሰው የለም? የለም። እንግዲያው ስሙኝ።

ድሮ ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ አንድ ሰው ሐይቅ ዳር ብቻውን ቆሟል። ማንደፍሮ ይባላል። ደገኛ ነው፤ ውሃ አያውቅም። አንዲት ልጁ አስካለ ግን ከሐይቁ ሰዎች ዘንድ ተድራ ነበር። ጥቂት ናቸው፤ ቋንቋቸው የራሳቸው ነው፤ ጀልባቸውን ፊላ ከሚባለው የሐይቅ ሸምበቆ አስረው ይሠራሉ። ከዚያ መልእክት መጣበት፦ «አስካለ ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ይድረሱላት። የባሏ ወንድም ቱፋ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር አግኝቶ ይመራዎታል።»

መንገዱ ምን ይመስላችኋል? ግራው ውሃ፣ ቀኙ ውሃ፣ መሀሉ ረግረግ። ያለ መሪ ይኬዳል? አይኬድም!

ማንደፍሮ ጠበቀ። ጨለመ። አሁንም ጠበቀ። በመጨረሻ ቱፋ መጣ። ልብሱ ገላው ላይ ተጣብቆ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ምነው ልጄ፣ በስብሰሃልሳ?»

«ይከተሉኝ አባባ።»

«አስካለስ? አለች?»

«እየጠበቀችዎት ነው።»

ሄዱ፣ ሄዱ። እንቁራሪቱ ይንጫጫል፤ ቱፋ ሲደርስ ጸጥ ይላል። ማንደፍሮ ልብ አለ። ሄዱ፣ ሄዱ። የማንደፍሮ እግር ጭቃውን ያንቦጫርቃል፤ የቱፋ እግር ድምፅ የለውም። ይህንንም ልብ አለ። ታዲያ ለምን አልተመለሰም? ወዴት ይመለስ! ልጁ ያለችው ወደፊት ነው።

«ቱፋ፣ እስቲ ዙር፤ ፊትህን ልየው።»

አልዞረም። ፊላው መሀል ገባ፤ አንዲት ዘንግ እንኳ አልተነቃነቀችም። ያኔ ውሃው የማንደፍሮን ጉልበት አልፎ ነበር።

ድንገት ከኋላ የችቦ ብርሃን! የአስካለ ባል ዳዲ ነው፣ ከሰዎች ጋር።

«አባባ! መንገድ ስተዋል! ማንን ነው የሚከተሉት?»

«ቱፋን ነዋ!»

«ቱፋማ ወደ እርስዎ ሲመጣ ቀትር ላይ ሰጠመ! ሬሳውን አሁን አውጥተን ነው የመጣነው!»

ማንደፍሮ ወደ ችቦው ዞረ።

«አስካለስ?»

ዳዲ ችቦውን ዝቅ አደረገ።

«ዳዲ፣ ልጄስ?»

ዳዲ አቀርቅሮ ማልቀስ ጀመረ።

ያን ጊዜ ከፊት፣ ከዚያ ከጨለማው፣ እዚሁ ጆሯችሁ ሥር የሆነ ያህል ቀርቦ፦ «አባዬ፣ ና። ሕፃኑንም ይዤዋለሁ።»

እናንተ ብትሆኑስ? ወደየትኛው ትሄዳላችሁ?

ማንደፍሮ ችቦውን አየ። ጨለማውን አየ። ጋቢውን አውልቆ፣ ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ አጣጥፎ ፊላው ላይ አኖረው። «መጣሁ ልጄ» አለ። ውሃው ወገቡን ዋጠ። ደረቱን ዋጠ። ዳዲ ዘሎ ሲደርስ የሚይዘው አጣ።

በማግስቱ ፈለጉት፤ በሦስተኛውም ቀን ፈለጉት። ዳዲ ለአራት ሰው አለቀሰ፤ የቀበረው ግን ሦስት ነው።

ይንጋ ብሎ ቢያድር ይተርፍ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ለማን ይተርፍ? ልጁንም አያገኛት። እንዲያም ሆኖ፣ ልጆቼ፣ ብቻችሁን አትሂዱ።