አንድ ሺህ ዘጠኝ

የዘሌና ወንዝ እኩል ለሁለት ተሰንጥቆ ባደረ ማግስት፣ የአርሞንዳ ሕዝብ ገማሽ ከዋሻው መውጣቱን አወቀ። ገማሽ እኩል የሚካፈለውን ሁሉ የሚከፍል አውሬ ነው። ሁለቱን ወንዝ አራት፣ አራቱን ስምንት እያደረገ ከተማዪቱን ጠብታ ለማኝ አደረጋት። ሊገድሉት የዘመቱትንም እኩል እኩል ከፍሎ እርስ በርስ አፋጃቸው። አርሞንዳዎች ደግሞ ሰልፋቸው እኩል ካልሆነ የዘመቱ አይመስላቸውም፤ ከረድፍ የተረፈውን «ትራፊ» ብለው አሳፍረው ወደ ቤቱ ይሰዳሉ። አውሬውን ቆርሰው ያጎረሱት እንግዲህ ራሳቸው ናቸው።

ትርሲት የመጨረሻው ጦር አሰላፊ ነበረች፤ አባቷ ጎሽሜ ደግሞ አበጋዙ፣ የጦሩ አዛዥ። ወታደሮቹ አንድ ሺህ ስምንት ናቸው። ትርሲት ያንን ቁጥር በጠጠር ብትደረድረው በሁለትም፣ በሦስትም፣ በሰባትም እኩል ተካፈለ። አንድ ጠጠር ስትጨምርበት ግን በምንም ረድፍ እኩል አልቆም አለ። አሰላፊና አበጋዝ በልማድ ከሰልፍ ውጭ ይቆማሉና፣ የሚጨመረው አንድ እሷ መሆኗን ለአባቷ ነገረችው። ጎሽሜ ልጄ ትራፊ አትባልም ብሎ ተቆጣ።

«አባባ፣ በእኩል ሰልፍ ያለቁት ክብራቸው የት አለ?» አለችው። «ካሻዎት በሰንሰለት ይሰሩኝ እንጂ ከረድፉ አልወጣም።»

ጎሽሜ እሱም ሰልፉ ውስጥ ቢገባስ ብሎ ጠየቃት። አንድ ሺህ አሥር ለሁለት ይካፈላል። ትርሲት ይህን ፊቱን ሳታይ ነገረችው፤ ብቻውን የቆመን ገማሽ መክፈል ሳያስፈልገው ይውጠዋልና።

«እኔ በውጭ እቆማለሁ» አላት። «የዘሌና ውኃ ምስክሬ ነው፣ ስለ እኔ ብለሽ ሰልፉን ብትለቂ ልጄ አይደለሽም።»

ከዋሻው በታች ባለው ገደል አፍ ገማሽ ጦሩን ለሁለት ሰነጠቀ። አንድ ሰው ተረፈና ስንጥቁ ተመልሶ ገጠመ። በሦስት ሞከረ፣ በሰባት ሞከረ፣ አሁንም አንድ ተረፈ። በአሥራ አንድ ቢለው ስምንት ተረፉ። በተሰነጠቁ ቁጥር ወንድም ወንድሙን ሊወጋ ጦሩን ያነሳል፤ ሲገጥሙ ደግሞ አፍሮ ያወርዳል። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ ከትርሲት ጎን ያለው ወታደር ስንት ሙከራ እንደቀረ ጠየቃት።

«አለቀ» አለችው። «ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሁለት ከእኛ ይበልጣል። ከዚህ የሚበልጥ ከፋይ ቢኖረን ኖሮ ከዚህ የሚያንስ ጓደኛ ይኖረው ነበር፤ ትንንሾቹን ደግሞ ሞክሮ ጨርሷቸዋል።»

ገማሽም ሳይነገረው ገባው። አቃሰተና ከፊት በአንድ ዓለት ላይ ብቻውን ወደቆመው ሽማግሌ ዞረ። ትርሲት ወደ አባቷ አልሮጠችም፤ ከጦሩ ጋር እኩል ተራመደች። አውሬው አንገቱን ደፍቶ ጎሽሜን ሲውጥ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ ጦር በአንድ ጊዜ ጉሮሮው ላይ ተሰካ።

ገማሽ ሲወድቅ የተከፋፈለው ወንዝ እያጓራ ተገናኘ። ወታደሮቹ ጦራቸውን ጥለው ሊጠጡ ወረዱ። ትርሲት ግን እንደቆመች ቀረች፤ እግሯ ሊሄድ የፈለገው ወደ ውኃው ሳይሆን አባቷ ቆሞበት ወደነበረው ዓለት ነበር።