ወደብ ላይ ሻንጣዬን የተቀበለኝ ልጅ

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ በጠመኔ ቀስት እየሳልኩ ያስረዳሁ፣ ጎረቤቶቼ «የሞተ ሰው አየን» ብለው ሲያወሩ «ማታ ምን በልታችሁ ነው የተኛችሁት?» እያልኩ የምቀልድ፣ ወሬው ከበዛም ተነስቼ ማድ ቤት የምገባ፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ እውነቴን ነው፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምነውም ነበር።

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ሞተብኝ። አላለቀስኩም። ሰው «ጠንካራ ናት» አለ፣ ጥንካሬ ግን አልነበረም፣ ጥርስ ሊነቀል ሲል ድድ መርፌ ተወግቶ እንደሚደነዝዘው መላ ሰውነቴ እንደዚያ ሆኖ ነበር፣ ብትቆነጥጡኝ እንደተቆነጠጥኩ አውቃለሁ እንጂ አያመኝም። ሚላን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ሙሉ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው አገር ሽማግሌ ስትጦር ኖራ ጡረታ የወጣችው፣ በስልክ ድምፄን ሰምታ «የሺዬ፣ እንዲህ ሆነሽማ አትቀሪም» አለችና ከጄኖቫ ተነስቶ ሜዲትራኒያንን ዞሮ በሚመለስ የመዝናኛ መርከብ ለሁለታችን ቦታ ያዘች። ቪዛው ተገኘ። ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝምም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ እትየ ዝማም ከይጁቤ መጣች። እትየ ዝማም ማለት የምንይችል እናት ናት፣ ምንይችል ደግሞ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብረ ማርቆስ ሲማር ግቢያችን ውስጥ ካለችው ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የነበረ ልጅ ነው፣ የኔም ተማሪ ነበር። እሷ በየአሥራ አምስት ቀኑ በሶና ሽሮ ተሸክማ ስንቅ ታመጣለት ስለነበር እንደ ዘመድ ሆነን ነበር። ልጁ ውጤት አልመጣለትም፣ በመተማ አድርጎ ሄደ፣ ከሊቢያ አንዴ ደውሎ «ነገ ባሕር እገባለሁ» አላት፣ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ድምፁ የለም። ለቅሶ እንቀመጥ ሲሏት እትየ ዝማም እንቢ አለች፣ «መርዶ ያመጣልኝ ሰው አለ?» ብላ።

እንግዲህ ያን ቀን ሳሎን ቁጭ ብላ ሻንጣዬን እያየች «ባሕር ላይ ነው አሉ የምትሄጅው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እህቴ ልታዝናናኝ ነው።»

«ያው ባሕር ነው? የኔ ልጅ የገባበት?»

«ያው ነው» አልኳት፣ ከዚያ አስተማሪ ነኝና «ግን በጣም ሰፊ ነው እትየ ዝማም» ብዬ ጨመርኩ።

«ቢሰፋም የሀገራችን ሰው አይጠፋበትም፣ ካገኘሽ ጠይቂልኝ» አለች። እሺ አልኳት። እሺ ማለት አይከብድም።

የአባይን በረሃ ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ አዲስ አበባም ሳይከፈት፣ አውሮፕላን ውስጥ ይባስ ብሎ፣ ሚላን ላይ ሙሉ አቅፋኝ ስታለቅስ ድምፅዋ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ መሰለኝ። በማግስቱ በባቡር ጄኖቫ ገባን። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ሌሊት አልነበረም፣ ጨለማም አልነበረም፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ መርከቡ ከባሕሩ ይልቅ ከተማውን የሚመስል ነጭ ፎቅ ነው፣ ሰው በቁምጣና በኮፍያ እየሳቀ ይሰለፋል። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ገብተን ሙሉ ወረቀታችንን ይዛ ወደ መመዝገቢያው መስኮት ሄደች፣ «ሻንጣሽን ይዘሽ እዚህ ጠብቂኝ» አለችኝ፣ ከምሰሶው አጠገብ ቆምኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት የነጠላ ጫማ ድምፅ ነው። እርጥብ ነጠላ ጫማ ወለል ሲረግጥ የሚያወጣው፣ ጭቅ፣ ጭቅ፣ ጭቅ። ምን ገረመኝ መሰላችሁ፣ የዚያን ሁሉ ሰው ጫጫታ ጆሮዬ እንደ ጥጥ አፍኖት ሳለ ይሄኛው ብቻ ጥርት ብሎ መጣ። ዞር ስል ከኋላዬ የነበረው ወለል ላይ እዚህም እዚያም ውሃ ጠብ ጠብ ብሏል፣ ሰው ግን የለም። የጽዳት ሠራተኛ ይሆናል አልኩ።

«ቲቸር፣ ሻንጣዎን ልቀበልዎት።»

በጎጃም አነጋገር፣ ቃሉን ጎተት አድርጎ። ቀና ስል ምንይችል ነው። ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሷል፣ ሁለቱም እጅጌዎቹ እስከ ክርኑ ርሰዋል፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ አለች፣ እመኑኝ፣ ያቺን ጠባሳ ሲሰፉለት ጤና ጣቢያ እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አልጨመረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እንደነበረ፣ ያው ነው። ከኋላው ሦስት አራት ወጣቶች ልክ እሱን የመሰለ ልብስ ለብሰው ሻንጣ ጋሪ ላይ ይጭናሉ፣ አይነጋገሩም።

«ምንይችል?» አልኩ።

«አቤት ቲቸር።»

«እዚህ ነው እንዴ የምትሠራው?»

«እዚሁ ነን» አለኝ። «ነኝ» አላለም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

መጮህ ነበረብኝ፣ ማቀፍ ነበረብኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ታቅፉት ነበር፣ እኔ ግን ክፍል ውስጥ አርፍዶ የመጣ ተማሪ እንደምቆጣ «ለእናትህ ለምን አትደውልም? ሰው ናት እኮ» አልኩት።

አቀረቀረ። «ስልኩ አይሠራም ቲቸር» አለ፣ የሻንጣዬን እጀታ ያዘ፣ ጣቶቹ ጣቶቼን ነኩ፣ አልቀዘቀዙም፣ አልሞቁም፣ ሰው የነካኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ «እማየን በሩን ትዝጋ ይበሉልኝ፣ ብርድ ይገባባታል» አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

ሻንጣውን ይዞ ወደ ጋሪው ሄደ፣ አንደኛው ልጅ አንስቶ ጫነው። ጭቅ፣ ጭቅ።

ሙሉ ስትመለስ «ሻንጣሽስ?» አለች።

«ምንይችል ወሰደው።»

«የቱ ምንይችል?»

ነገርኳት። ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ፣ ግንባሬን በመዳፏ ነካች፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመልሳ በጣልያንኛ ስትጨቃጨቅ ቆየች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ያለቻት ይሄ ነው፣ ሻንጣ የሚረከቡት በውጭው በር በኩል ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ሻንጣ የሚቀበል ሠራተኛ የለም፣ ሰማያዊ ልብስ የሚለብስም የለም። «ተሰርቀሻል፣ በቃ» አለች ሙሉ። «የሀገርሽን ቋንቋ ሰምተሽ ተሸወድሽ።» እኔም ተሰርቄ ይሆናል ብዬ ተቀበልኩት፣ ቀሎኝ ነበር እንዲያውም።

መርከቡ ከወደቡ ሲላቀቅ ወደ ክፍላችን ወረድን። ሻንጣዬ በራችን ላይ ቆሟል። የክፍላችን ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አልተንጠለጠለበትም፣ ስሜም የለበትም፣ ታዲያ ማን አመጣው? ታቹ ርሶ ምንጣፉን አበስብሶታል፣ ስከፍተው ውስጡ ያለው ልብስ ደረቅ ነው። በማግስቱ ሲደርቅ ዙሪያውን ነጭ መስመር ሠራ፣ በጣቴ ጠርጌ ቀመስኩት፣ ጨው ነው። «ወደብ አይደል እንዴ፣ አንዱ ውሃ ውስጥ አስቀምጦት ይሆናል» አለች ሙሉ፣ እኔም አዎ አልኳት፣ እሷም ከዚያ ወዲያ ስለ ሻንጣው አላነሳችም፣ ግን ያን ዕለት መብራት ሳታጠፋ ተኛች።

የቀሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ብትጠይቁኝ ብዙም አላስታውስም፣ ሙዚቃ ነበር፣ የተትረፈረፈ ምግብ ነበር፣ ሙሉ «ለማን ብዬ ነው ያመጣሁሽ?» ብላ አንዴ አልቅሳለች። እኔ መርከቡ ጫፍ ወንበር ላይ ተቀምጬ ውሃውን አያለሁ፣ ስንቱን ዓመት ተማሪዎቼን ሰማያዊ ቀቡት ያልኳቸውን ውሃ። ሰማያዊ አይደለም፣ ከላይ ሲያዩት ጥቁር ነው።

ወደ አገሬ ስመለስ ቤቴ ሁለት ሌሊት ብቻ አድሬ ይጁቤ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው መርዶ እንዴት እንደሚነገር ነው፣ ሽማግሌ ይዤ ልሂድ ወይስ ብቻዬን፣ ደግሞስ ምን ብዬ? ያየሁት ሕያው ከሆነ መርዶ ምንድን ነው፣ ያየሁት ሕያው ካልሆነ የምስራች ምንድን ነው? ብቻዬን ሄድኩ።

እትየ ዝማም ደጅ ላይ ጌሾ አስጥታ አገኘኋት። እጇን ታጥባ አስገባችኝ፣ ጠላ ቀዳችልኝ፣ እኔ አልጠጣሁም፣ እንደ ትዕዛዝ አድራሽ ቀጥ ብዬ «እትየ ዝማም፣ በሩን ትዝጋ ብሎሻል፣ ብርድ ይገባባታል ብሏል» አልኳት።

«ማን?» አላለችም። ዞር ብላ በሩን አይታ በሹክሹክታ፣ «ከሄደ ጀምሮ የበሩን መወርወሪያ ወርውሬው አላውቅም፣ በሌሊት ቢመጣ እንዳይቸገር። ይሄን ለልጄ ለየዝናም እንኳ አልነገርኳትም። ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«ራሱ ነገረኝ። ወደብ ላይ አገኘሁት፣ ይሠራል።»

ጉልበቴን ያዘችኝ። «ልብሱ እርጥብ ነበር?»

ይሄን ጥያቄ ከየት አመጣችው? ስለ እጅጌው ለሙሉ እንኳ አልነገርኳትም ነበር። ዓይኗን እያየሁ «ደረቅ ነው» አልኳት። «ንጹህ ልብስ ለብሷል፣ ወፍሯል።»

እትየ ዝማም ተነስታ ደጅ ወጣች፣ እልል አለች፣ ሦስት ጊዜ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ ሰው አቀፈኝ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ልሄድ ስነሳ ሁለት ሴቶች መንገድ ድረስ ተከትለውኝ ልጆቻቸው በየት በኩል እንደሄዱ ነገሩኝ።

ወሬው ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። አሁን ሰው ወደ ቤቴ ይመጣል። ከይጁቤ፣ ከሮብ ገበያ፣ ፎቶ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ «ይሄንንስ አይተሽዋል?» ይላሉ። የትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ ነው አብዛኛው። እያንዳንዱን ተቀብዬ በመስኮቱ ብርሃን አየዋለሁ፣ አላየሁትም እላለሁ፣ እውነቴንም ነበር።

ባለፈው ወር ግን ከደብረ ኤልያስ አንድ ሽማግሌ አባት መጡ። ፎቶውን ሰጡኝ። የፊት ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ልጅ ነው፣ አንገቱ ረዘም ያለ። አውቀዋለሁ። ያን ቀን ከምንይችል ኋላ ጋሪውን የሚገፋው እሱ ነበር፣ ሻንጣዬን አንስቶ ሲጭነው በዚያ ፍንጭት ጥርሱ ፈገግ ብሎልኝ ነበር። የሱም እጅጌ እርጥብ ነበር።

«አላየሁትም አባቴ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ፊቴን አዩ። ፎቶውን አልተቀበሉኝም። «ይቀመጥ ግድ የለም፣ ምናልባት ትዝ ቢልዎት» ብለው ወጡ። አሁን በየቅዳሜው ይመጣሉ፣ ምንም አይጠይቁኝም፣ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ «ይግቡ» እላቸዋለሁ፣ አይገቡም።