ሶሊያናን ያስወጣሁበት ሐሙስ

ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ ገና አልወጣሁም ማለት ነው።

"ፈጠራ ነው" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እኔም እዚህ ቻናል ላይ የሰው ታሪክ ሳነብ "እስቲ ተዉን" ብዬ የማልፍ ሰው ነበርኩ። ይሄኛው ግን የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ሌሊት አይደለም፣ ጫካም አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቃሊቲ ባቡሩ ከሚያበቃበት አለፍ ብሎ ያለ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። አሁንም የምጽፍላችሁ እዚያው ተቀምጬ ነው።

ማህሌት እባላለሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከባለቤቴ ከሀብተሚካኤል ጋር እኖራለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቀናተኛ ነኝ። ባሌ ለጎረቤት ሴት "ደህና አደርሽ" ሲል እንኳ ድምፁን የምመዝን ሴት ነኝ።

የምቀናው ግን በጎረቤት አልነበረም።

የምቀናው በሞተች ሴት ነበር።

ሶሊያና ትባላለች። የሀብተሚካኤል የመጀመሪያ ሚስት ናት። ታማ ከሞተች አራት ዓመት አለፋት። እኔን ያገባኝ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከእሷ ጋር በቁርባን፣ ከእኔ ጋር በማዘጋጃ ፊርማ። እኛም እንቁረብ ስለው "ቆይ ትንሽ" ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቆይ ትንሽ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ በሕይወት ብትኖር ይሻለኝ ነበር። በሕይወት ያለች ጣውንት ታረጃለች፣ ትነጫነጫለች፣ ወጥ ታሳርራለች። የሞተችው ግን ሁልጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁልጊዜም ደግ ናት። ከእሷ ጋር እንዴት ይፎካከሩታል?

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባሌን ለብቻዬ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ወር በፊት፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። እሱ ሥራ ከሄደ በኋላ የታጠበ ካልሲውን ልክተት የኮመዲኖውን መሳቢያ ሳብኩ። ከካልሲዎቹ ሥር ስልክ ነበር።

የሶሊያና ስልክ ነው።

ቁጥሯ እንዳይዘጋ ካርድ እየሞላ እንደሚያቆየው አውቃለሁ። ብዙ ሰው የሞተበትን ሰው ቁጥር እንዲህ ያቆያል። አባቴም የወንድሙን ቁጥር እስከ ዛሬ ካርድ ይሞላበታል። ስለዚህ ስልኩን ማግኘቴ አልገረመኝም።

የገረመኝ ባትሪው ነው። መቶ ፐርሰንት ይላል።

መልእክቶቿን ከፈትኩ። ሁሉም የመጡት ቃሊቲ ካለ አንድ ካፌ ነው። "የዋይፋይ መግቢያ ኮድዎ..." ይላል፣ ከዚያ አራት ቁጥር። ቀኖቹን አየሁ።

ሐሙስ።

ሐሙስ።

ሐሙስ...

ሁሉም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ አካባቢ የተላኩ ናቸው። ሀብተሚካኤል አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የሚሠራው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልክ ስደውልለት አያነሳም። "ስብሰባ አለን" ይለኛል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ላፕቶፔንም ያዝኩ። ሥራ ኖሮኝ አይደለም፣ ፊቴን የምሸሽግበት ፈልጌ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ካፌው ስሄድ፣ አውቶቡስ ላይ እያለሁ ቦርሳዬ ውስጥ ቲንግ አለ።

"የዋይፋይ መግቢያ ኮድዎ 4417።"

ሰዓቱን አየሁ። 8፡14። ሳቄ መጣ። ካፌው ደርሶ ቁጥሯን አስገብቷል ማለት ነው። ኮዱ ግን እኔ ጋ ነው። ዛሬ ያለ ዋይፋይ ትቀመጣታለህ አልኩ በልቤ።

ካፌው ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ምድር ቤቱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮች ጥግ ይዘው ይበላሉ። ሀብተሚካኤል የለም። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩና ላፕቶፑን ከፈትኩ። የካፌውን ዋይፋይ ስነካ መግቢያ ገጹ መጣ።

"እንኳን ደህና መጡ። ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ።"

ያስገባሁት የሶሊያናን ቁጥር ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ቅናት ያስደረገኝ ነው።

ገጹ ትንሽ አሰበ... ከዚያ እንዲህ አለኝ።

"በዚህ ቁጥር የሚፈቀደው ለሁለት ሰው ነው። ሁለቱም ቦታዎች ተይዘዋል። ለመግባት አንዱን ያስወጡ።"

ከሥሩ ሁለት ስም አለ።

"ሀብተሚካኤል። ከ8፡14 ጀምሮ።"

"ሶሊያና። ከ8፡14 ጀምሮ።"

ስሟን ራሱ መዝግቦት ይሆናል ብዬ ልጽናና ሞከርኩ። ግን ኮዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው... ማን አነበበላቸው?

አስተናጋጇ ልትታዘዘኝ መጣች። ዮዲ የሚል ስም ደረቷ ላይ ተለጥፏል። የባሌን ፎቶ ከስልኬ አሳየኋትና ታውቂዋለሽ ወይ አልኳት። ካፌው አምና ከተከፈተ ጀምሮ ሐሙስን ቀርቶ እንደማያውቅ ነገረችኝ። ፎቅ ነው የሚቀመጠው። ሁልጊዜ ሁለት ማኪያቶ ያዛል።

"ከማን ጋር ነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ብቻውን።"

"ሁለተኛውን ማን ይጠጣዋል?"

ዮዲ ትሪውን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። "እኔ እንጃ እህቴ" አለች። "ሲኒው ግን ባዶውን ነው የሚመለሰው።"

ፎቁ በብረት ደረጃ ነው የሚወጣው። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩና ወጣሁ። አንገቴ ብቻ ብቅ ሲል ቆምኩ።

ሀብተሚካኤል ጀርባውን ሰጥቶኛል። ፊት ለፊቱ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ያወራል። ያወራና ዝም ይላል፣ እንደሚያዳምጥ ሰው። ከዚያ ይስቃል። እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ቤት ውስጥ የሚስቀው በአፍንጫው ነው።

"ማህሌት?" አለ ድንገት።

ያየኝ መሰለኝ። ግን አልዞረም። ለወንበሩ ነው የሚመልሰው።

"ደህና ናት። ጥሩ ሰው ናት።"

ጥሩ ሰው ናት። ስለ እድር ጸሐፊ የሚወራ ይመስል።

በእግዚአብሔር ፊት እነግራችኋለሁ፣ ያን ጊዜ አልፈራሁም። መፍራት ነበረብኝ። ወንበሩ ባዶ መሆኑን አይቻለሁ፣ ሲኒው ደግሞ ግማሽ ድረስ ተጠጥቷል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሳቁ ነው። እዚያ ወንበር ላይ በሕይወት ያለች ሴት ባገኝ ፀጉሯን ይዤ ቁልቁል እጎትታት ነበር። ባዶ ወንበር በምኑ ይያዛል?

ወረድኩ። ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ገጹ እየጠበቀኝ ነበር።

"ለመግባት አንዱን ያስወጡ።"

ሶሊያና የሚለው ስም አጠገብ "አስወጣ" የሚለውን ነካሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ ቲንግ አለ። "ሶሊያናን ለማስወጣት ኮድዎ 7702።"

ኮዱን አስገባሁ። ሰባት... ሰባት... ዜሮ... ሁለት።

"ሶሊያና ወጥታለች። ስምዎን ያስገቡ።"

ማህሌት ብዬ ጻፍኩ። በእሷ ቁጥር፣ በእሷ ቦታ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻችኋለሁ።

ፎቅ ላይ ወንበር ተንቋቋ።

ከዚያ ኮቴ ሰማሁ። የሴት ጫማ ነው። ብረቱን ቀስ እያለ እየመታ ይወርዳል። ቀና ብዬ አየሁ። ደረጃው ላይ ማንም የለም። ኮቴው ግን ወረደ... ወረደ... ከታች ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ቆመ።

መሬት አልደረሰም። ተመልሶም አልወጣም።

ትንሽ ቆይቶ ሀብተሚካኤል ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሦስተኛው ደረጃ ጋ ሲደርስ ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን ዘረጋና ተሻገረው። መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ምን አደረግሽ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምንም። ዋይፋይ እየገባሁ ነው።"

አልተቆጣኝም። እዚህ ምን ትሠሪያለሽ እንኳ አላለኝም። እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እኔን ይዞኝ ይመጣል። ሁለት ማኪያቶ ያዛል። እሷ የነበረችበት ወንበር ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ስልኳንም መልሼ መሳቢያው ውስጥ አልከተትኩትም፣ እሱም የት አደረግሽው አላለኝም። ቦርሳዬ ውስጥ ነው የሚውለው።

አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አንድ ቃል አይወጣውም። ቀልድ አወራለታለሁ፣ አይስቅም። አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ዓይኑን ደረጃው ላይ ይተክላል። የምቀናበት ሰው ሳይኖር በደረጃ መቅናት ጀመርኩ።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሁሉ ከታች ሦስተኛውን ይዘለዋል። ሾፌሮቹም፣ ዮዲም ትሪ ተሸክማ። ከሁለት ሐሙስ በፊት ለምን እንደምትዘለው ጠየቅኳት።

"ምኑን?" አለች።

"ደረጃውን።"

"አልዘለልኩም" አለችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ደረጃውን አየች፣ ጫማዋን አየች። ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቁን ሌላ አስተናጋጅ ነው የሚያስተናግደው።

ዛሬም ሐሙስ ነው። ከሀብተሚካኤል ጋር መጣን፣ ወጣን፣ ተቀመጥን። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አልተናገረም። ሲበቃኝ ላፕቶፔን አንስቼ ታች ትንሽ ልሥራ አልኩት። "እሺ" አለኝ፣ ዓይኑን ከደረጃው ሳይነቅል። ስወርድ ሦስተኛውን ልረግጠው ወስኜ ነበር።

ዘለልኩት። እግሬ እምቢ አለኝ።

እዚሁ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ላፕቶፑ ያስታውሰኛል፣ ኮድ ሳይጠይቅ ነው ያስገባኝ። "ሀብተሚካኤል። ማህሌት። ሁለቱም ቦታዎች ተይዘዋል።" ለማን እንደምነግር ስለጨነቀኝ ለእናንተ መጻፍ ጀመርኩ። ያነበባችሁት በሙሉ የተጻፈው አሁን፣ እዚህ ነው።

እዚህ ጋ ስደርስ...

ቦርሳዬ ውስጥ ቲንግ አለ።

የእኔ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቲንግ ያለው የሷ ነው።

"ማህሌትን ለማስወጣት ኮድዎ 3091።"

እኔ ምንም አልነካሁም።

ስልኩን ገልብጬ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ኮዱን ማንም ካላየው ማንም አያስገባውም። እንዲህ ብዬ ትንሽ ተረጋጋሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ።

ያን ቀንም ስልኩ ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ እነሱ ግን ገብተው ነበር።

አሁን በአንድ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ገጹ ላይ ያለው ስሜ መደብዘዝ ጀምሯል። ሳይጠፋ ልላክላችሁ።

ደረጃው ጋ ኮቴ ተሰማ።

ከታች አይደለም የጀመረው። ከሦስተኛው ነው።

እየወጣ ነው... ቀስ እያለ... ጨረሰ።

ሀብተሚካኤል ብድግ ሲል ሰማሁት። ወንበሩን ሳበላት።

እየሳቀ ነው። አንድ ወር ሙሉ ያጣሁትን ሳቅ።

ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ወንበር ስቦልኝ አያውቅም።