ሰማንያ ሰባት ጭረት

«አሥራ አራተኛውን ጥያቄ» አለ የሒሳብ አስተማሪው፣ የታረሙትን ወረቀቶች ደረቱ ላይ እንዳቀፈ፣ «መቶ ስድሳ ሁለት ተማሪ ታግሎታል። ስንቱ ያገኘው ይመስላችኋል?»

«ዜሮ!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ።

«አንድ። አንድ ሰው ብቻ። እሷም እዚሁ ክፍል ውስጥ ናት።»

በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ የተቀመጠችው ልጅ እስክሪብቶዋን ቀስ ብላ ከደነችው። 

አስተማሪው ወደ ሰሌዳው ዞሮ ጻፈ። «ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ 2፣ ሲባዙ 15 ይሆናሉ። ቁጥሮቹን ፈልጉ።» ጠመኔውን በጣቶቹ መሐል እያሽከረከረ ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰ።

«የታተመው እንዲህ ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ እስከ ነገ ብትፈልጉ አታገኟቸውም። እኔ በእጄ ጽፌ የሰጠሁት፣ ሲባዙ ኔጌቲቭ አሥራ አምስት ነበር። ምልክቷን ጽሕፈት ክፍል በልቷታል።»

«ቲቸር፣ መመሪያውንም በልተውታል!» አለ ያው የኋላ ልጅ። «‹ከተራ ቁጥር 1120 ያሉትን መልሱ› ይላል። እኔ ሺህ አንድ መቶ ሃያኛውን ጥያቄ ስፈልግ ነው ሰዓቱ ያለቀብኝ!»

ከአሥራ አንድ እስከ ሃያ ለማለት ነበር። አስተማሪው ራሱ ሳቁን መግታት አልቻለም። ሳቁ ሲበርድ ግን ከወረቀቶቹ መሐል አንዱን መዞ አወጣ።

«ይቺ ‹አራት ነጥብ› የምንላት ልጅ፣ አምስት እና ኔጌቲቭ ሦስት ብላለች። ወረቀቱ መሳሳቱን ነቅታ፣ አስተካክላ ሠርታዋለች ማለት ነው። ሒሳብ ይኼ ነው! ለትምህርት ቤቶች ውድድር ከዚህ ክፍል የምልከው አንድ ሰው ነው፤ ማንን እንደሆነ ካሁን በኋላ የሚጠይቀኝ ያለ አይመስለኝም።»

«አራት ነጥብ» የሚለው ስም የወጣላት ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። የግድግዳ መጽሔቱን በኮምፒውተር የምታቀናብረው እሷ ስለነበረች፣ አራት ነጥብ የረሳ ሁሉ ጽሑፉ ተመልሶ ይመጣበት ነበር። ስሙን ወዳዋለች። ዛሬ ግን አስተማሪው ሲጠራት የሌላ ሰው ስም የሰማች መሰላት።

«ለሌሎቻችሁ የጥያቄውን ማርክ እሰጣችኋለሁ» አለ አስተማሪው። «የባከነባችሁን ሰዓት ግን ከየት አባቴ ላምጣላችሁ? አንቺ ነገ ሰሌዳ ላይ ወጥተሽ እንዴት እንደጠረጠርሽ ታስረጂናለሽ።»

ደወሉ ተደወለ።

አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ሲበዛ ፈጣን ናት፤ ወሬዋም እርምጃዋም። «ሞተር» ይሏታል። ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ክንዷን ያዘቻት።

«አንቺ ግን ሰው ነሽ? እኔ እኮ ከዚያ ጥያቄ ጋር ሃያ አምስት ደቂቃ ስታገል ነበር። ሦስትና አምስት አባዛሁ፤ ሲደመሩ ስምንት። አንድና አሥራ አምስት አልኩ፤ ሲደመሩ አሥራ ስድስት። ወደ ክፍልፋይ ገባሁ። በኋላማ ላብ በላብ ሆንኩ።»

«ዘለሽው አታልፊም ነበር?»

«እልህ ያዘኛ! የመጨረሻዎቹን አራት ጥያቄዎች ሳላያቸው ደወለ። ሳላያቸው እልሻለሁ!» እርምጃዋን አዘገመች። ሞተር ስታዘግም ያስፈራል። «ውድድሩን በጣም ፈልጌው ነበር። ግን ግድ የለም፣ ከማንም አንቺ ሂጂልኝ። የሚገባሽ ነው።»

አራት ነጥብ ጫማዋን እንደምታስር ጎንበስ አለች። የጫማዋ ክር አልተፈታም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው።

ያሳደገቻት አክስቷ የዚሁ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈተና የተየበች፣ ከርዕሰ መምህሩ እስከ ጥበቃው ሁሉም «እትዬ ታይፕ» የሚሏት ሴት። ጣቶቿ የሠለጠኑት በታይፕራይተር ነው። የታይፕራይተሩ ደወል መስመሩ ማለቁን ሲነግራት፣ ያላለቀውን ቃል በጭረት ከፍላ ቀሪውን ወደ ታች ታወርደው ነበር። ማሽኑ ተነሥቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ደወሉ ቀረ፤ ጭረቱ ግን ከጣቷ አልወጣም። በየመስመሩ መጨረሻ ጭረት ትመታና «ኢንተር» የሚለውን፣ ወደ አዲስ መስመር የሚያወርደውን ቁልፍ ትጫናለች። አራት ነጥቡንም፣ ለብቻው ቁልፍ እያለው፣ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታች ነበር የምትሠራው።

ያን ቅዳሜ ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል ፈተናው በሁለት ዓምድ እንዲሆን ታዘዘ። አክስቷ ገጹን ለሁለት ስትከፍለው ጽሑፉ እንዳለ ተተራመሰ። በየመስመሩ መሐል «ተማ-ሪዎች» እና «ቁጥ-ሮች» ብቅ ብቅ አሉ። አንዳንዱ አራት ነጥብ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ከላይኛው መስመር ጫፍ ቀረ፤ ግማሹ የታችኛውን መስመር ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ መባዛት አለበት። በግቢው ከጥበቃው በቀር ሰው የለም። አክስቷ ስልኩን አንሥታ «እስኪ ብቅ በይልኝ» አለቻት።

«የአንቺም ክፍል ፈተና ነው» አለች ወንበሩን እየለቀቀችላት። «ፊደሉን አስተካክይ፤ ጥያቄውን እንዳታነቢ።»

«ሳላነብ እንዴት አስተካክላለሁ?»

«እንደ እኔ ነዋ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈተና ስመታ አንድም ጥያቄ አንብቤ አላውቅም።»

ተሳሳቁ። አራት ነጥብ «ፈልግና ተካ» የሚለውን ትእዛዝ ከፈተች። መጀመሪያ ጥንድ ጥንዱን ሁለት ነጥብ በትክክለኛው አራት ነጥብ ለወጠች። እንደ ተአምር በአንድ ጠቅታ ሁሉም ተስተካከለ። ያለቦታቸው የተመቱትን ኢንተሮችም አጠፋች። ከዚያ ወደ ጭረቱ ሄደች። «ፈልግ» በሚለው ቦታ ጭረት መታች፤ «ተካ» የሚለውን ባዶ ተወችው። ሁሉንም።

ኮምፒውተሩ «87 ቦታዎች ላይ ተተክቷል» አላት።

አክስቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ እስከ ማታ እለቅማቸው አልነበር? እጅሽ ይባረክ!»

ያኔ የተሰማት ኩራት አሁንም ትዝ ይላታል። የመጀመሪያውን ገጽ አየች፤ ጥርት ብሏል። ሁለተኛውን አላየችም። ነጠላ ነጠላ ቀመሮቹ በቀመር መሥሪያው ስለተጻፉ የነሱን ምልክት ትእዛዙ አልነካውም፤ በዓረፍተ ነገር መሐል የገባችው ኔጌቲቭ ግን ከተራ ጭረት የምትለይበት ምንም ነገር አልነበራትም። ከሰማንያ ሰባቱ አንዷ ሆና ጠፋች።

ጥያቄውን ላለማንበብ ሞክራለች። ግን አእምሮ እንደ ሕፃን ልጅ ነው፤ አትንካ ያሉትን ይነካል። ሲደመሩ ሁለት፣ ሲባዙ ኔጌቲቭ አሥራ አምስት። ወደ ቤት ስትሄድ፣ አስፋልቱን እንኳ ሳታቋርጥ፣ አምስትና ኔጌቲቭ ሦስት ብቻቸውን መጡላት። በፈተናው ቀን ዓይኗ መስመሩ ላይ ሲያርፍ የጎደለ ነገር አላየችም። ዓይን የሚያነበው የሚያውቀውን ነው። መልሱን ጽፋ አለፈች።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ወጥታ እቤት ስትደርስ አክስቷን መስኮቱ ሥር ቆማ አገኘቻት። የራስ ምታት ክኒን ብልቃጥ ይዛ፣ የላዩን ደቃቅ ጽሑፍ አንዴ ወደ ዓይኗ ታስጠጋዋለች፣ አንዴ በክንዷ ርዝመት ታርቀዋለች።

«ይኸው አነበዋለሁ» አለች ሳትዞር። «ይህን የሚያነብ ዓይን ጭረት ያልፋል? ንገሪኝ እስኪ።»

«ምን አሉሽ?»

«ርዕሰ መምህሩ ጠርቶኝ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ አልጮኸብኝም። ‹እትዬ፣ ዕድሜ ነው፤ ሁላችንም እዚያው ነን› አለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ። ለኮምፒውተሩ አንዲት ወጣት አግኝተዋል።» ብልቃጡን መደርደሪያው ላይ አኖረች። «የአስተማሪውን የእጅ ጽሑፍ አውጥቼ አየሁት። ምልክቷ አለች፤ ወፍራም ሆና ተጽፋለች። መምታቴን ጣቴ ያስታውሰኛል። ጣቴም ዋሸኝ ማለት ነው። የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ።»

አራት ነጥብ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። አሁን ዝም ብትል ማንም ምንም አያውቅም። አስተማሪው ራሱ ምክንያቱን ጨርሶ በእጇ አስይዟታል፤ «ጠረጠርኩ» ማለት ብቻ ነው። አክስቷ የዓይን ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ካርቶን ላይ የተጻፉ ፊደላትን ስትቆጥር ታየቻት።

«ዓይንሽ አይደለም» አለች። «ጣትሽም አልዋሸሽም። እኔ ነኝ።»

የሆነውን ነገረቻት። ጭረቱን በሙሉ አጥፋ ብላ ስታዝ ኮምፒውተሩ የቱ የቃል መክፈያ፣ የቱ የቁጥር ምልክት እንደሆነ እንደማይለይ። ሰማንያ ሰባቱን አንድ በአንድ ማየት እንደነበረባት።

አክስቷ ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ ያደረገችው አራት ነጥብ ያልጠበቀችው ነበር፤ ሳቀች። ዓይኖቿን በመዳፏ ሸፍና ትከሻዋ እስኪነቀነቅ ሳቀች።

«ዓይኔ አይደለም! እኔ ደግሞ አለቀልኝ ብዬ...» ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። እጇን ከፊቷ አወረደች። «ቆይ። ጥያቄውን አይተሽዋል?»

«ፈልጌ አልነበረም።»

«እና አንድ ሰው ብቻ አገኘው የተባለው...»

«አዎ።»

አክስቷ ተነሥታ በሩን ዘጋችው። 

«ስሚኝ» አለች አክስቷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዓይኗ ደከመ ተብሎ ግምጃ ቤት መግባት አንድ ነገር ነው። ፈተና ለተማሪ አሳየች መባል ሌላ። ይህኛውን ርዕሰ መምህሩም ቢሆን በደግነት አያልፈውም። ዝም በይ። አንቺም ውድድርሽን ሂጂ፣ እኔም መጋዘኔን እገባለሁ፤ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል።»

«ነገ ሰሌዳ ላይ ያስወጣኛል። እንዴት እንደጠረጠርሽ አስረጂ ብሎኛል።»

«ታስረጃለሻ። አንቺ ለማስረዳት ታንሻለሽ?»

«አላንስም» አለች አራት ነጥብ። «እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

እራት ላይ አክስቷ ሁለት ጊዜ ልትናገር አፏን ከፍታ ሁለቱንም ጊዜ ውሃ ጠጣችበት።

ጠዋት እንደወትሮው አብረው ወጡ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተማሪው ይተራመሳል። አክስቷ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ከመታጠፏ በፊት ቆመች፤ የአራት ነጥብን የደንብ ልብስ አንገትጌ፣ የተጣመመ ነገር ሳይኖረው፣ አቃናችው።

«ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርደው አደርኩ» አለች። «የምትናገሪ ከሆነ ሰርቄ አየሁ እንዳትይ። እሷ ጠርታኝ፣ እሷ ናት ወንበሩን የለቀቀችልኝ በይ። እውነቱም እሱ ነው። ሌባ ሲሉሽ ግምጃ ቤት ተቀምጬ መስማት አልችልም።»

«እሺ አክስቴ።»

«የማትናገሪ ከሆነም...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ቦርሳዋን አስተካክላ ሄደች። ከኋላ ስትታይ እርምጃዋ እንደ ትናንት የሚጎተት አልነበረም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። አስተማሪው ስም ጠርቶ እንደጨረሰ ጠመኔውን ወደ እሷ ዘረጋ። ሞተር በክርኗ ጎነጥ አደረገቻት። «ቶሎ በይ እንጂ፣ ኮራሽ እንዴ?» እስክሪብቶዋን አንሥታ፣ ደብተሯን ገልጣ ተዘጋጅታለች። ሊያመልጣት የሚችል ነገር እንዳይኖር መስመር እንኳ አስምራለች።

አራት ነጥብ ሰሌዳው ፊት ቆማ ጥያቄውን እንደታተመ ጻፈችው። ጠመኔው ተንጫጫ። 2። 15። ከ15ቱ በፊት ያለውን ባዶ ቦታ አየችው። አንድ ጣት አይሞላም።

ማስረዳቱን በደንብ ታውቀዋለች። ደምረው ሁለት፣ አባዝተው አሥራ አምስት የሚሆኑ ቁጥሮች እንደሌሉ ማሳየት ይቻላል፤ ከዚያ «ስለዚህ ወረቀቱ ተሳስቷል ብዬ አሰብኩ» ይባላል። ሦስት መስመር ነው። ሞተርም ሦስቱን መስመር በጥንቃቄ ትገለብጣቸዋለች።

«እሺ» አለ አስተማሪው፣ የመጀመሪያው ዴስክ ላይ ተደግፎ እጁን አጣምሮ። «መጀመሪያ እንድትጠረጥሪ ያደረገሽ ምንድን ነው?»

«አልጠረጠርኩም፣ ቲቸር» አለች።

ጥቂት ተማሪዎች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አስተማሪው አልሳቀም።

ጠመኔውን ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ወደ ሞተር አየች፤ ቀጥሎ ወደ አስተማሪው ዞረችና፣ አክስቷ ከደወለችላት ከዚያ ቅዳሜ ጀምራ፣ የሆነውን መናገር ቀጠለች።